ወር በገባ ቁጥር ቤት የምትመጣዋ ወረቀት፦ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወርሃዊ መልእክት ሲፈተሽ

አንዲት ኤፎር ወረቀት ናት። ፊትና ጀርባዋ ታትሞ፣ ለሁለት ታጥፋ፣ ኮሙኒኬሽን ቡክ ውስጥ ተሸጉጣ ቤት ትገባለች፤ በዚያው ዕለት ፎቶዋ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀቃል። አውጪው አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እዚህ የሚነሳውን ጉድለትም ሆነ ጥሩ ነገር መሀል ከተማ ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ከራሱ ልጅ ቦርሳ ውስጥ አውጥቶ ሊያየው ይችላል። የተፈተሹት የ2017 ዓ.ም. 10 እትሞች ናቸው፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ፤ በተለይ የ1ኛ፣ የ2ኛና የ3ኛ ክፍሎቹ።

ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ፦ ከወረቀቷ ሥራ የሚሠራው ግማሿ ብቻ ነው። ያ ግማሽ ግን ቱቶር ተቀጥሮም የማይገኘውን ይሰጣል፦ ልጁ በዚህ ወር ምን እንደሚማር፣ መምህሩ በምን ዘዴ እንደሚያስተምረው፣ ቤት ውስጥ ማታ ማታ ምን ቢደረግለት እንደሚጠቅመው። የቀረው ግማሽ የሰላምታ፣ የፎቶና የማሳሰቢያ ማከማቻ ሆኗል።

የፊተኛው ገጽ አናት ላይ «ውድ ወላጆች» ብሎ የሚጀምር የርዕሰ መምህሩ መልእክት አለ፤ ባብዛኛው 11 መስመር ገደማ። በ10ሩም እትሞች ውስጥ ይህ መልእክት አንድም ቀን፣ አንድም ገጽ፣ አንድም ቁጥር አልያዘም። በአራት መስመር ቢያልቅ ማንም አይቀየምም ነበር። ከሥሩ ያለው ሰንጠረዥ ግን ጉዳዩ ራሱ ነው። «በዚህ ወር የምንማረው» ይላል፤ ስምንት ረድፍ አለው፦ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሂሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ ክወናና እይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ። ለእያንዳንዱ ሦስት ዓምድ ተሰጥቶታል፦ ርዕሱ፣ ከመጽሐፉ ገጽ ስንት እስከ ስንት፣ «ቤት ውስጥ»።

ሦስተኛዋ ዓምድ ናት ወረቀቷን የምታስከብራት፣ ስትሞላ። የ2ኛ ክፍልን የሂሳብ ረድፍ የጥቅምቱንና የኅዳሩን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የጥቅምቱ «ምዕራፍ 2፤ ልጅዎን ያስጠኑ» ይላል፤ አለቀ። ከሥራ ተመልሶ ሽሮውን የጣደ ወላጅ «ምዕራፍ 2»ን ምን ያድርገው? የኅዳሩ ደግሞ አንድ የተሠራ ምሳሌ ይዟል፦ 47 ሲደመር 38። እኛ በልጅነታችን የተማርነው «7 እና 8፣ 15፤ 5 ጽፈህ 1 በእጅ» የሚለውን ነው። ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሌላ ነው፦ 40 እና 30፣ 70፤ 7 እና 8፣ 15፤ 70 እና 15፣ 85። መልሱ ያው ነው፤ ልጁ ግን ማታ በአንዱ፣ ጠዋት በሌላው ሲሠራ «በእጅ» የያዛትን 1 የት እንደሚያደርሳት ይጠፋዋል። መቀነስ ላይ ሲደረስ ይብሳል፤ በ52 ሲቀነስ 27 ላይ «ተበደር» የሚለው ቃል ልጁን 2ን ከ7 ቀንሶ 5 ወደ መጻፍ ይገፋዋል፣ 25 የሚሆነው 35 ይሆንበታል። የኅዳሩ ረድፍ ይህንን በሁለት መስመር ጽፎታል፦ «መጀመሪያ በእኛ መንገድ ያሠሩት፤ የእርስዎን መንገድ ጥር ላይ እናስተምራለን።» በዓመቱ ውስጥ ከወጡት ሁሉ የተሻለው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የ1ኛ ክፍል አማርኛ ረድፍ በየወሩ የሚጠኑትን ፊደላት ይዘረዝራል። ክፍሉ ፊደሉን በገበታው ተራ ስለማያስተምር ዝርዝሩ የግድ ነው፤ አያት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ገበታ ከ«ሀ ሁ ሂ» ጀምራ ብታስጠና ልጁ በዚያ ወር ከሚፈተንበት ጋር አይገናኝም። ችግሩ የመጣው ከኅትመቱ ነው። የታኅሣሥ እትም በአንዲት ሰረዝ የተለዩ ፊደላትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አቅርቧል፦ ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ዘና ዠ፣ ደና ጀ። የእነዚህ ልዩነት አናታቸው ላይ ያለችው ሰረዝ ናት። ወረቀቷ በ10 ነጥብ ፊደል ተጽፋ፣ ከዋናው ሳይሆን ከኮፒ ኮፒ ተደርጋ ስትወጣ ሰረዟ ትጠፋለች፤ በአንዳንዱ ልጅ እጅ የገባው ወረቀት ላይ «ተና ተ፣ ነና ነ» ነበር የሚነበበው። አማርኛ በ10 ነጥብ ለአዋቂ ዓይንም ጠባብ ነው። ሐተታው 12፣ ልጁ ራሱ የሚያነበው ቢያንስ 18 መሆን አለበት፣ ኮፒውም ሁልጊዜ ከፕሪንተር ከወጣው የመጀመሪያ ቅጂ ላይ ይነሳ።

ፊደልን ካነሳን አይቀር፦ የጥር እትም በፎቶ ሳይሆን በወርድ ፋይል በቴሌግራም ሲላክ ግማሹ ስልክ ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ነበር የተከፈተው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። እትሙ በጸሐፊዋ ክፍል የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የፓወር ግዕዝ ፊደል ነው፤ ያ ፊደል የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይመስላል፣ በሌላው ላይ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝባዝንኬ ይሆናል። መፍትሔው በዩኒኮድ መጻፍ ነው፤ ናይላም ሆነ ኢብሪማ ይበቃል። ሲላክ ደግሞ የወርድ ፋይሉን ሳይሆን ፒዲኤፉን። የየካቲቱ እትም በፒዲኤፍ ስለመጣ ማንም አላጉረመረመም።

ለአፋን ኦሮሞው ረድፍ ብዙ ቦታ አልተሰጠውም፤ መሰጠት ነበረበት። አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርቱን ልጁ ይማረዋል እንጂ ብዙ ወላጅ ቁቤ (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል) አላነበበም። ወረቀቷ በየወሩ አምስት ቃል በቁቤ ታወጣለች፤ ወላጁም እንደ እንግሊዝኛ ያነባቸዋል። ኤክስ የምትባለዋ ፊደል በቁቤ «ጥ» ናት፣ ሲ ደግሞ «ጭ»፤ ይህንን የማያውቅ ወላጅ ልጁ በትክክል ያነበበውን «ያስተካክልለታል»። መድኃኒቱ በጣም ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ድምፁን በግዕዝ ፊደል መጻፍ፦ «አካም ጅርታ» ማለት እንዴት ነህ፣ «በርሲሳ» ማለት መምህር። የግንቦቱ እትም ይህንን አድርጎታል፤ ለምን ግንቦት ድረስ እንደቆየ አይገባንም።

እንግሊዝኛው ደህና ነው፤ 10 ቃል፣ ገጽ፣ አንድ አጭር ምንባብ። ግብረ ገብና ስፖርት በአንድ መስመር ያልፋሉ፣ ከዚያ በላይም አያስፈልጋቸውም።

አካባቢ ሳይንስ ላይ ሁለት ነገር አለ። ጥሩው፦ የ3ኛ ክፍል የመጋቢት እትም ለብሔራዊ ሙዚየም ጉብኝት አራት ጥያቄ ይዞ ወጣ፤ ልጁ ድንቅነሽ ፊት ቆሞ የሚመልሳቸው ናቸው፣ ከእነሱም አንዱ «ከአጥንቶቿ የትኞቹ ጎድለዋል?» የሚል ነው። ከመሄዳቸው በፊት ቤት የደረሰ ጥያቄ ከጉብኝት በኋላ ከሚጻፍ «ሪፖርት» አሥር እጥፍ ይሠራል፤ ከአራት ኪሎ ሙዚየሙ ድረስ በእግር ስለሚኬድም የሰርቪስ ክፍያ አልተጠየቀም። መጥፎው፦ የየካቲት እትም ለምግብ ዓይነቶች ትምህርት «የካቲት 24 ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ይላኩ» አለ። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17፣ ረመዳን የገባው የካቲት 22 ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ እንቁላል ከቤት የሚያወጣ ስንት ቤተሰብ ይገኛል? ሽምብራና ምስር ለ«ገንቢ ምግብ» ክፍሉ በቂ ነበሩ። የሚያስቀው፣ የዚያው እትም ጀርባ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ሁለቱንም ጾሞች ጽፏቸዋል። ሰንጠረዡን የሞላው መምህርና ቀኑን የሞላው ሰው አልተነጋገሩም ማለት ነው።

ወደ ቀን መቁጠሪያው ስንመጣ፣ ብዙ ቤተሰብ ጉድ የሚሆነው እዚህ ነው። ወረቀቷ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂ አላት፤ እንግሊዝኛው የሚሠራው አማርኛውን በመተርጎም ነው። በጥቅምት እትም የወላጆች ስብሰባ በአማርኛው «ጥቅምት 15»፣ በእንግሊዝኛው «ኦክቶበር 15» ሆነ። ጥቅምት 15 ቀን 2017 ኦክቶበር 25 ነው፤ ኦክቶበር 15 ደግሞ ጥቅምት 5። የአሥር ቀን ልዩነት። የወር ስም መተርጎም ቀን መቀየር አይደለም፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ሰንጠረዡ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ፣ ከጎኑ የሳምንቱን ቀን ማስቀመጥ ይህንን ስህተት ወዲያው ያጋልጠዋል፤ «ዓርብ» የተባለው ቀን ማክሰኞ ሆኖ ሲገኝ ሰው ይጠይቃል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «8፡00 ሰዓት» ብቻ የተባለውን ስብሰባ ግማሹ ወላጅ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ግማሹ ከሰዓት 8 ሰዓት ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ በተለይ ከውጭ አገር የመጡ ቤተሰቦች ያሉበት ክፍል ውስጥ። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ምን ያስከፍላል?

መቁጠሪያው የሚመሰገንበት ነገርም አለ። መሀል ከተማ ስለሆነ የሚዘጉ መንገዶችን አስቀድሞ ይናገራል። የጥር እትም ጥር 10 ቀን ከተራ ስለሆነ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ በስድስት ኪሎ በኩል ሰርቪስ እንደማያልፍና የትኛው ሰርቪስ በየት እንደሚዞር ጽፏል። የየካቲቱም ለአፍሪካ ህብረት ጉባኤ ቀናት እንዲሁ አድርጓል። ከፒያሳና ከአካባቢው ተነስተው ወደ ከተማው ዳርቻ የሄዱ፣ ልጃቸውን ግን ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ ያላስወጡ ቤተሰቦች አሉ፤ ለእነሱ ይህች አንቀጽ ከሰንጠረዡ ቀጥሎ የምትነበብ ናት።

በጀርባው ግርጌ የተቆራጭ መስመር አለ፦ ✂ ወላጅ ፈርሞ የሚመልሰው የጉብኝት ፈቃድ። ከተቆራጩ ጀርባ ያለው ምን መሰላችሁ? የሰንጠረዡ የመጨረሻ ሦስት ረድፍ፣ ከነፈተናው ገጾች። ፈርሞ የመለሰ ወላጅ የቴስቱን ገጽ አብሮ መለሰ። ይህ ስህተት በአራት እትሞች ውስጥ ተደጋግሟል። ተቆራጩ ከኋላው ባዶ ይሁን፣ ወይም ከጀርባው የርዕሰ መምህሩ ሰላምታ ይግባ፤ ያ ቢቆረጥ ማንንም አይጎዳም። ደግሞም ቀኑ፣ ሰዓቱና ልጁ ምን ይዞ እንደሚሄድ ቤት በሚቀረው ክፍል ላይ መደገም አለበት።

«የቤተሰብ ዜና» የሚለው ዓምድ ሐሳቡ ጥሩ፣ አያያዙ ግን ልቅ ነው። ልደት፣ ምርቃት፣ አዲስ የተወለደ ወንድም ወይም እህት፣ ለክፍሉ መጽሐፍ የሰጠ ወላጅ ምስጋና፤ ይህ ሁሉ ሰውን ያቀራርባል። ሐዘን ግን ቤተሰቡ ሳይጠየቅ ሊጻፍ አይገባም። ልጁ ስለ አያቱ ሞት ገና ያልተነገረው ሊሆን ይችላል፤ መርዶ በእኛ አገር በሰዓቱና በሰው የሚነገር ነገር ነው፣ በወረቀት ተሸጉጦ ቦርሳ ውስጥ የሚላክ አይደለም። አንድ ጥያቄ በስልክ፣ አንድ «እሺ»፣ ከዚያ ይጻፍ። በየወሩ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡትን በስም የሚያወጣው ሳጥን ደግሞ ከነጭራሹ ቢቀር እንመርጣለን፤ በ10 እትም ውስጥ በ2ኛ ክፍል የወጡት አምስት ስሞች ብቻ ናቸው፣ እየተቀያየሩ። የቀሩት ልጆች ወላጆች ያንን ገጽ ከኅዳር በኋላ እንደማያነቡት ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ፎቶዎቹ በጥቁርና ነጭ ኮፒ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ናቸው። ስድስት ፎቶ ከሚገባ አንድ ገባ ቢል፣ ያውም የልጆች ፊት ሳይሆን የሠሩት ነገር፣ የሸክላ ጎጆው ወይም ሥዕሉ፣ ቢሆን ኮፒውም ያወጣዋል፣ የፈቃድ ጣጣም አይኖርም። ቀለም ያለውን ቴሌግራም ላይ ማየት ይቻላል፤ ግሩፑ ላይ ማስቀመጥና ማስተላለፍ የሚከለክለውን ማስተካከያ ማብራት ደግሞ አንድ ደቂቃ ነው።

ቴሌግራሙ ግን ግሩፕ ነው እንጂ ቻናል አይደለም፤ ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። ወረቀቷ 12 ሰዓት ላይ ተለቀቀች እንበል፤ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ አርባ «እናመሰግናለን»፣ «አሜን»፣ የአበባ ስቲከርና አንድ የጠፋ ሹራብ ፎቶ ከላይዋ ተጭኗል። ማግስቱን የሚፈልጋት ሰው አያገኛትም። ለማስታወቂያ ቻናል፣ ለወሬው ግሩፕ፤ ቢያንስ ደግሞ ወረቀቷ ግሩፑ አናት ላይ ፒን ትደረግ። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ምስሉን ይጨምቀዋል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል፤ እንደ ፋይል ሲላክ አይነካውም። የታተመችው ግን እንዳትቀር። ልጁን የምታሳድገው አያት ከሆነች፣ ወይም ስልኩ ከአባት ጋር ሥራ ላይ ከዋለ፣ ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈችው ወረቀት ናት የምታገለግለው።

ሂሳቧ ከባድ አይደለም። 45 ልጅ ባለበት ክፍል በወር 45 ወረቀት፣ በ10 ወር 450፤ አንድ ደስጣ (እሽግ) ወረቀት 500 ነው። ከዓመት ዓመት አንድ ክፍል አንድ ደስጣ እንኳ አይጨርስም። ውድ የሆነው የመምህሩ ጊዜ ነው፤ እሱም ቢሆን ከዓመታዊ ዕቅዱ ላይ የሚቀዳ ነገር ነው።

የመዘግየቷ ነገር ግን ይቅር የሚባል አይደለም። የመስከረሟ መስከረም 28 ወጣች፤ «በዚህ ወር የምንማረው» የሚለው ርዕስ በዚያ ቀን ቀልድ ነው። የታኅሣሧ ታኅሣሥ 9። በሰዓቷ የደረሱት አራቱ ብቻ ናቸው። አሠራሩ ቢስተካከል እንዲህ ይሆናል፦ ወር በገባ በ20 እያንዳንዱ መምህር ለቀጣዩ ወር እትም ሦስት ሦስት መስመር ለስም ጠሪው ይሰጣል፤ በ23 ዩኒት ሊደሩ (የክፍሎቹ አስተባባሪ) ሰንጠረዡን ከቀን መቁጠሪያው ጋር ያስተያያል (እንቁላሉና ጾሙ የሚያዙት እዚህ ነው)፤ በ25 ሌላ ሰው ቀንና ሰዓቱን ብቻ ያነባል፤ በ27 ኮፒ፤ ከወሩ የመጨረሻ የትምህርት ቀን በፊት ልጁ ቦርሳ ውስጥ። ስም ጠሪዋ በማግስቱ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ የወላጅ ፊርማ ካየች ደረሰ ማለት ነው፤ ካላየች ወረቀቷ ከምሳ ዕቃው ሥር ወጥ ጠጥታ ተኝታለች።

በነጥብ ካስፈለገ፦ ሰንጠረዡ ከ10 8፣ የመንገድና የሰርቪሱ ክፍል 9፣ የቤተሰብ ዜናው 5፣ ቀንና ሰዓት አጻጻፉ 3፣ በሰዓቱ መድረሱ 4። የክፍያ ማሳሰቢያውን አንመዝነውም፤ በየእትሙ አናት በደማቅ ፊደል መውጣቱን ግን አይተናል። ለብቻው ብጣሽ ወረቀት ይሁን፤ ያለበለዚያ ወላጁ «ክፍያ» የሚለውን አይቶ ቀሪውን ሳያነብ ያጥፋታል።

አንድ ነገር ለሰኔው እትም። ክረምቱ ሁለት ወር ከምናምን ነው፤ እትሙ ግን የፊት ገጹ የምስጋና፣ የጀርባው የምዝገባ ቀንና የዩኒፎርም ዋጋ ነው፣ ከሥሩም ሩብ ገጽ ባዶ። እዚያ ባዶ ላይ ለ1ኛ ክፍል ገና ያልጠሩ ፊደላት፣ ለ2ኛ ክፍል በቀን አምስት የመደመር ጥያቄ፣ ለ3ኛ ክፍል አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል መኖሩ ይጻፍበት።